የማቀዝቀዣ ጥገና፦ የእጅ ሙያ፣ ሐላል ሪዝቅና አማና



በቤታችን ጥግ ቆሞ ሌት ተቀን ከሚያጉረመርመው ፍሪጅ ጋር ያለን ትውውቅ ብዙውን ጊዜ በሩን ከመክፈትና ከመዝጋት አያልፍም። ትዝ የሚለን ዝም ያለ ዕለት ነው። ያን ዕለት ግን ነገሩ ቀላል አይሆንም። የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት ኢንሱሊናቸውን የት ያኑሩት? ባለ ሥጋ ቤቱ ትናንት ያሳረደውን ሥጋ ምን ያድርገው? በጤና ጣቢያው የምትሠራው ነርስ የሕፃናቱን ክትባት እንዴት ታቆየው? ሦስቱም የሚናገሩት አንድ ቃል ነው፤ «ፍሪጅ ሠሪውን ጥሩልን!»

ለመሆኑ ይህ የሚጠራው ሰው ማን ነው? ምን ተምሯል? በእጁስ ላይ ምን አማና አለበት? ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲወጡ «ምን ልሁን?» ብለው በሚጨነቁበት ጊዜ ይህን ሙያ እንዴት እንየው? በዚህ ጽሑፍ የማቀዝቀዣና የአየር ማስተካከያ ቴክኒሻንን ሥራ ከውስጡ ለማየት እንሞክራለን።

ቅዝቃዜ አይመረትም

ብዙ ሰው ፍሪጅ ቅዝቃዜ የሚያመርት ዕቃ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲያ አይደለም። ቅዝቃዜ የሙቀት ማነስ እንጂ ራሱን የቻለ ነገር አይደለም። የፍሪጅ ሥራ በውስጡ ያለውን ሙቀት እየቀዳ ወደ ውጭ ማፍሰስ ነው። ከጀርባው ያለው ጥቁር ፍርግርግ የሚሞቀውም ለዚሁ ነው፤ ከወተቱ፣ ከሥጋውና ከአትክልቱ የወጣው ሙቀት በዚያ በኩል ወደ ክፍሉ ይፈሳል።

ዘዴው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዉዱእ አድርገን ወደ ደጅ ስንወጣ ነፋስ ቢያገኘን ፊታችንና ክንዳችን ይቀዘቅዛል፤ ውሃው ሲተን ከቆዳችን ላይ ሙቀት ይዞ ይሄዳልና። የሸክላ እንስራ ውሃም የሚቀዘቅዘው በዚሁ ምክንያት ነው። በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ውጭ የሚወጣው እርጥበት በተነነ ቁጥር ከውስጡ ሙቀት ይወስዳል።

ፍሪጅ የሚለየው በውሃ ምትክ በጣም ዝቅተኛ በሆነ የሙቀት መጠን የሚፈላ ንጥረ ነገር በመጠቀሙ ነው። ባለሙያዎቹ በአጭሩ «ጋዝ» ይሉታል። ውሃ በባሕር ወለል ከፍታ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲፈላ፣ አር-134ኤ የተሰኘው ጋዝ ከዜሮ በታች በ26 ዲግሪ ይፈላል፤ በብዙ ኤሲዎች ውስጥ የኖረው አር-22 ደግሞ ከዜሮ በታች በ41 ዲግሪ ገደማ ይፈላል።

እዚህ ላይ እናቶች ከማንም በላይ የሚያውቁት አንድ ነገር አለ። በአዲስ አበባ ከፍታ ባቄላም ሆነ ሥጋ ለመብሰል ጊዜ ይወስዳል። ምክንያቱ የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ውሃው ገና በ92 ዲግሪ ገደማ መፍላቱ ነው። በፕሬዠር ኩከር ውስጥ ግን ግፊቱ ስለሚጨምር ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ ይፈላል፤ ምግቡም ቶሎ ይበስላል። ግፊት ሲቀንስ መፍያው ይቀንሳል፤ ግፊት ሲጨምር መፍያው ይጨምራል። የማቀዝቀዣ ሙያ በሙሉ በዚህ በአንድ ሕግ ላይ የቆመ ነው።

ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም ሰዉ «ሞተር» የሚለው፣ ጋዙን ይጨምቃል፤ የተጨመቀው ጋዝ ይግላል። የጋለው ጋዝ በጀርባው ፍርግርግ ውስጥ ሲያልፍ ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ ውስጡ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ካፒላሪ በሚባል ቀጭን የመዳብ ቱቦ ያልፋል። ከዚያ ሲወጣ ግፊቱ በድንገት ይወድቃል፤ በፍሪጁ ውስጥ ባለው ቱቦ ውስጥም እየፈላ የምግቡን ሙቀት ይወስዳል። ከዚያም ወደ ኮምፕሬሰሩ ይመለሳል። እንግዲህ ልብ ይበሉ፤ ጋዙ ይዞራል እንጂ አይቃጠልም፤ እንደ ነዳጅም አያልቅም። ወደዚህ ነጥብ በኋላ እንመለሳለን።

በረዶ ከጫኑ ግመሎች እስከ መዲና ቧንቧዎች

ሰው ቅዝቃዜን የፈለገው ኤሌክትሪክ ከመምጣቱ ብዙ መቶ ዓመታት አስቀድሞ ነው። በማምሉኮች ዘመን ከሻም ተራሮች የተወሰደ በረዶ በግመልና በመርከብ እየተጫነ ካይሮ እስከሚገኘው የሱልጣኑ ቤተ መንግሥት ይደርስ ነበር። በጥንታዊቷ ካይሮ የሚገኙ ቤቶች ጣራ ላይ «መልቀፍ» የሚባል የነፋስ መቀበያ ይሠራ ነበር፤ ከሰሜን የሚመጣውን ነፋስ ይዞ ወደ ሳሎኑ ያወርደዋል። የእኛው የሐረር ጀጎል ቤቶችም ወፋፍራም የድንጋይ ግድግዳቸው የቀኑን ሐሩር ከውጭ ያስቀረዋል።

ዘመናዊው ኤር ኮንዲሽን ግን መጀመሪያ የታሰበው ለሰው ምቾት ሳይሆን ለወረቀት መሆኑ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1902 በኒውዮርክ ብሩክሊን የሚገኝ አንድ ማተሚያ ቤት ችግር ገጠመው። የበጋው እርጥበት ወረቀቱን እያሳበጠና እያኮማተረ ቀለሞቹ አንዱ በሌላው ላይ አልገጥም አሉ። ወጣቱ መሐንዲስ ዊሊስ ካሪየር የአየሩን ሙቀትና እርጥበት የሚቆጣጠር መሣሪያ ነደፈላቸው። ዛሬ ሆስፒታልም ሆነ ባንክ ውስጥ የምናየው ሁሉ የዚያ ሥራ ተከታይ ነው።

ቴክኒሻኖች የኤሲን አቅም በ«ቶን» ሲናገሩ ሰምተው ይሆናል። ይህ የዕቃው ክብደት አይደለም። ቃሉ የቀረው በረዶ እየተቆረጠ ይሸጥ ከነበረበት ዘመን ነው። አንድ ቶን ማለት 907 ኪሎ ግራም በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደው ሙቀት ነው፤ በሰዓት 12,000 ቢቲዩ ወይም 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ገበያ ላይ «ባለ 12,000» የሚባለው ኤሲ የአንድ ቶን ኤሲ ነው።

ሐጅና ዑምራ ያደረጉ ወገኖቻችን ከሐሩሩ ወጥተው በመዲና ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ሲገቡ የሚቀበላቸውን ቅዝቃዜ አይረሱትም። ነገር ግን ትላልቆቹ ማሽኖች በመስጂዱ ውስጥ አይደሉም። የማቀዝቀዣ ጣቢያው የሚገኘው ከመስጂዱ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። በዚያ የቀዘቀዘው ውሃ በመሬት ውስጥ መተላለፊያ በተዘረጉ ቧንቧዎች ወደ መስጂዱ ይመጣል፤ የሰጋጁን ሙቀት ተቀብሎም ተመልሶ ይሄዳል። ከዚያ ጸጥታና ምቾት ጀርባ የሰጋጁ ዓይን የማያያቸው ቴክኒሻኖች ድካም አለ።

ሙያው ምን ይጠይቃል?

አንዳንድ ሰዎች ይህን ሥራ «ጋዝ መሙላት» ብቻ አድርገው ያዩታል። ነገሩን ጠጋ ብሎ ላየው ግን በአንድ ሰው ላይ የተሰበሰቡ ብዙ ሙያዎች ናቸው።

በመጀመሪያ ኤሌክትሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ጠጋኙ ከሚመጡት ብልሽቶች ብዙዎቹ የጋዝ ሳይሆኑ የኤሌክትሪክ ናቸው፤ የተቃጠለ ማስነሻ ሪሌይ፣ የደከመ ካፓሲተር፣ የማይቆርጥ ቴርሞስታት። ሁለተኛ የመዳብ ቱቦ መቁረጥ፣ ማጠፍና በብር ብየዳ መበየድ ነው። ሦስተኛ የግፊት ጌጅ ማንበብና ከሙቀት ጋር ማዛመድ ነው። አራተኛ የኤሌክትሪክ ንድፍና የፋብሪካውን መመሪያ ማንበብ ሲሆን፣ ይህም የእንግሊዝኛ ቋንቋን ይጠይቃል። «ቋንቋና ፊዚክስ ለዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው» ብሎ ደብተሩን የጣለ ወጣት እዚህ ላይ ይቸገራል።

በሀገራችን ወደዚህ ሙያ መግቢያው ሁለት ነው። አንዱ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው፤ ሌላው ከአንድ ጠጋኝ ሱቅ ገብቶ እያገዙ መማር ነው። ሁለቱም የየራሳቸው ጥቅምና ጉድለት አላቸው። በሱቅ የተማረ ልጅ እጁ ይፈጥናል፤ ነገር ግን «ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ሊያጣ ይችላል። በኮሌጅ የተማረው ምክንያቱን ያውቃል፤ እጁ ግን ገና ይፈራል። መልካሙ መንገድ ሁለቱን ማጋባት ነው። በሱቅ የተማረውም ቢሆን የብቃት ማረጋገጫ ምዘናውን ወስዶ ወረቀቱን ቢይዝ ይመከራል፤ ድርጅቶች ሲቀጥሩም ሆነ የጥገና ውል ሲሰጡ ይጠይቁታልና።

«ጋዙ አልቋል»

አሁን ወደ አማናው እንምጣ። ትንሽ ሱቅ ያላቸው አንዲት እናት ፍሪጃቸው ማቀዝቀዝ አቁሞ ጠጋኝ ጠሩ እንበል። ወጣቱ ኮምፕሬሰሩን ዳሰስ፣ ቱቦውን ነካ አደረገና፦

«እናቴ፣ ጋዙ አልቋል። አሁኑኑ ሞልቼልዎት እሄዳለሁ» አለ።

«ስንት ጊዜ ነው የሚያልቀው ልጄ? ባለፈው ዓመትም ይህንኑ ተብዬ ነበር» አሉት።

የእኚህ እናት ጥያቄ ከማንኛውም ፈተና ይበልጣል። ከላይ እንዳልነው ጋዝ በታሸገ ቱቦ ውስጥ የሚዞር እንጂ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳውን ሳይደፍኑ ጋዝ መሙላት በተበሳ ባልዲ ውሃ እንደ መቅዳት ነው። ፍሪጁ ለሳምንታት ወይም ለወራት ይሠራል፤ ከዚያ ያው ሰው ያንኑ ገንዘብ ሊቀበል ተመልሶ ይመጣል።

ትክክለኛው ሥራ ቅደም ተከተል አለው። ሲስተሙ በደረቅ ናይትሮጅን ግፊት ይሞላል፤ መጋጠሚያዎቹ በሳሙና አረፋ ይፈተሻሉ። የተገኘው ቀዳዳ ይበየዳል። እርጥበት የሚመጥጠው ፊልተር ድራየር በአዲስ ይተካል። ቀጥሎ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩና እርጥበቱ በሙሉ ይወጣል። ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ ጊዜ ይፈጃልና። ነገር ግን በውስጡ የቀረች ጠብታ ውሃ ካፒላሪው ጫፍ ላይ በረዶ ሆና መንገዱን ትዘጋለች፤ ከዘይቱና ከጋዙ ጋር ተዋህዳም አሲድ እየሆነች የኮምፕሬሰሩን ሽቦ ትበላለች። በመጨረሻ ጋዙ በሚዛን ተመዝኖ ይገባል። አንድ የቤት ፍሪጅ የሚይዘው ጋዝ ከ100 እስከ 150 ግራም ገደማ ሊሆን ስለሚችል፣ በዓይን ግምት የተጨመረ ትርፍ ኮምፕሬሰሩን ይጎዳዋል።

ባለቤቷ ይህን ሁሉ አያዩም። ቫኪዩም መደረጉን አያውቁም፤ ኮምፕሬሰሩ በእርግጥ ተቃጥሎ እንደሆነ መለየት አይችሉም። በመሆኑም በዚህ ሙያ ውስጥ ጠጋኙን የሚቆጣጠረው ደንበኛው ሳይሆን አላህን (ሱ.ወ) መፍራቱ ነው። አንዲት አነስተኛ ዋጋ ያላት ሪሌይ የተበላሸችበትን ፍሪጅ «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ አዲስ ኮምፕሬሰር ማስገዛት ስርቆት ነው፤ በመሣሪያ ቋንቋ የተሸፈነ ስለሆነ ብቻ ስሙ አይቀየርም። ከሥራው በፊት ዋጋውን መናገር፣ የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ማስረከብና «ይህን ፍሪጅ ከሚጠግኑት ቢተዉት ይሻልዎታል» ለማለት መድፈር፣ እነዚህ ሦስቱ የታማኝ ጠጋኝ መታወቂያዎች ናቸው።

ጋዙ ወዴት ይሄዳል?

የዚህ ሙያ ኃላፊነት በአንድ ቤት አይወሰንም። ለብዙ አሥርት ዓመታት በፍሪጆች ውስጥ የነበረው አር-12 የተሰኘ ጋዝ ነበር። ሽታ የለውም፤ አይቃጠልም፤ ስለዚህ ምንም ጉዳት የሌለው ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮውላንድ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች እነዚህ ጋዞች ወደ ላይኛው የአየር ክፍል ወጥተው ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ንጣፍ እንደሚበሉ አመለከቱ። በ1985 ብሪታንያውያን ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ኦዞኑ ክፉኛ መሳሳቱን ይፋ አደረጉ። በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ የዓለም ሀገራት በሙሉም ተቀበሉት። ሞሊናና ሮውላንድ ከፖል ክሩትዘን ጋር በ1995 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ውጤቱ ምን ሆነ? የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2023 መጀመሪያ ይፋ ባደረጉት ግምገማ፣ አሁን ያለው ቁጥጥር ከቀጠለ ኦዞኑ በአብዛኛው የዓለም ክፍል በ2040 ገደማ፣ በአንታርክቲካ ደግሞ በ2066 ገደማ ወደ 1980 ይዞታው እንደሚመለስ ገልጸዋል። የሰው ልጅ ያበላሸውን ተስማምቶ ማረም እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው።

ይሁን እንጂ ሥራው አላለቀም። አር-12ን የተካው አር-134ኤ ኦዞንን ባይጎዳም ምድርን በማሞቅ ረገድ አንድ ኪሎው ከ1,400 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበልጣል። አንድ ጠጋኝ የአንዲት ፍሪጅ 120 ግራም ጋዝ «ፍስስ» አድርጎ ሲለቀው 170 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደ ለቀቀ ይቆጠራል። ለዚህም ነው በ2016 በሩዋንዳ ዋና ከተማ ኪጋሊ ሀገራት እነዚህንም ጋዞች ቀስ በቀስ ለመቀነስ የተስማሙት። አር-22ም እንዲሁ በማደግ ላይ ባሉ ሀገራት እስከ 2030 ድረስ ከጥቂት የጥገና ፍጆታ በስተቀር እንዲቆም ተወስኗል። በመሆኑም ዛሬ ሙያውን የሚጀምር ወጣት ጋዝን ወደ ሲሊንደር መልሶ መሰብሰብን ከመጀመሪያው ይማር። የነገው ገበያ የሚፈልገው ይህን የሚያውቅ ሰው ነው።

ሕይወት የሚያስከፍሉ ስህተቶች

ወላጆች ልጃቸውን ወደዚህ ሥራ ሲልኩ ማወቅ ያለባቸው አደጋዎችም አሉ። ጥቂቶቹን እንጠቁም።

አንደኛ፣ ግፊት ለመፈተሽ ኦክስጅን መጠቀም ነው። ኦክስጅን በግፊት ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ለዚህ ሥራ የሚፈቀደው ደረቅ ናይትሮጅን ነው፤ እርሱም በግፊት መቆጣጠሪያ።

ሁለተኛ፣ አዳዲሶቹ ፍሪጆች አብዛኛዎቹ አር-600ኤ በሚባል ጋዝ ይሠራሉ። ይህ ጋዝ ለአየር ንብረት መልካም ነው፤ ነገር ግን ተቀጣጣይ ነው፤ ከምግብ ማብሰያ ቡታጋዝ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ኮምፕሬሰሩ ላይ የእሳት ምልክት ያለበትን ፍሪጅ ጋዙ ሳይወጣና ክፍሉ አየር ሳያገኝ በብየዳ እሳት መንካት ራስንና ቤተሰቡን ለአደጋ መስጠት ነው። ለሌላ ጋዝ በተሠራ ፍሪጅ ውስጥ ይህን መሙላትም እንዲሁ።

ሦስተኛ፣ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። አራተኛ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተለቀቀ ጋዝ አየሩን ገፍቶ ያፍናል፤ እሳት ሲያገኘውም መርዛማ ጭስ ይሆናል። አምስተኛ፣ ኤሲ የሚሰቀለው ከፍ ባለ ግድግዳና ጣራ ላይ ስለሆነ የደህንነት ቀበቶ ሳያስሩ መውጣት ጀግንነት አይደለም።

ሰው ቤት ሲገባ

የዚህ ሙያ ልጅ ከብዙ ባለሙያዎች ይልቅ የሰው ጓዳ ይገባል። እስልምና ደግሞ የቤትን ክብር አጥብቆ የጠበቀ ሃይማኖት ነው። ስለሆነም ጠጋኙ አስፈቅዶ ይግባ፤ ዓይኑንም ከሥራው ላይ ያድርግ። ቤት ውስጥ ያለችው ሴት ብቻዋን ከሆነች የቤተሰብ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ወይም ፍሪጁን ወደ በረንዳ ማውጣት ለሁለቱም ይበጃል። የጀመዓ ሶላት ሰዓት ሲደርስ «ሰግጄ እመለሳለሁ» ብሎ መናገር አያሳፍርም፤ ነገር ግን «እመለሳለሁ» ያለ ሰው ይመለስ! ቀጠሮ አለማክበር በእጅ ባለሙያ ላይ ሁሌ የሚነሳ ወቀሳ ነው።

እዚህ ላይ እህቶቻችንንም እናንሳ። ይህ ሥራ ከጉልበት ይልቅ ጥንቃቄና ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው። ሙያውን የምታውቅ አንዲት እህት ብትኖር ባል ወይም ወንድም በሌለበት ቤት ያለች ስንት እናት ትደሰት ነበር!

ባሕር ማዶ ለሚያስቡ

የባሕረ ሰላጤው ሀገራት በጋ ሙቀት ከ45 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ አለ። በዚያ ኤሲ እንደ ውሃና እንደ መብራት የግድ ነው፤ ቴክኒሻኑም ይፈለጋል። ይሁን እንጂ ጣራ ላይ ያለው የውጭ ክፍል በሙቀት የሚበላሸው ሐሩሩ በሚበረታበት ሰሞን ነው፤ ሥራው ከባድ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ በየዓመቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀትር 6 እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ሥር ማሠራትን ከልክላለች። ይህን መብት የሚያውቅ ሠራተኛ ራሱን ይጠብቃል። ለመሄድ የሚያስብ ወጣት ሙያውን እዚህ ተምሮ፣ ወረቀቱን ይዞ፣ ውሉን አንብቦ በሕጋዊ መንገድ ይሂድ። ባዶ እጁን ከሄደ የሰጡትን ሥራ ይቀበላል፤ ሙያ ይዞ ከሄደ ግን የሚደራደርበት ነገር አለው።

ከዚያ ዕቃ ለምታመጡም አንድ ምክር አለ። የሀገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። የሳዑዲው ግን 60 ኸርዝ ነው፤ በድሮ ቤቶችም ባለ 127 ቮልት መስመር ነበር። ከጀርባው «110» ወይም «127» የሚል የተጻፈበትን ፍሪጅ በቀጥታ ሶኬታችን ላይ መሰካት በደቂቃ ውስጥ ማቃጠል ነው። «220 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ብቻ የሚለው ደግሞ እዚህ ሲሠራ ሞተሩ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ከተገቢው በላይም ሊግል ይችላል። «50/60» የሚለውን መርጦ መግዛት ከኪሳራ ያድናል።

ለቤተሰብ የሚሆኑ ምክሮች

ታማኝ ጠጋኞችን ብትጠይቋቸው ከሚያጋጥሟቸው ብልሽቶች ብዙዎቹ በቤት ውስጥ ሊቀሩ የሚችሉ ናቸው።

1. ፍሪጁን ከግድግዳ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር አርቁት። ሙቀቱ የሚወጣበትን መንገድ አትዝጉ፤ የጀርባውን አቧራም በየጊዜው ጥረጉ።

2. የፍሪዘሩን በረዶ በቢላ ወይም በማንኪያ አትፈንቅሉ። ግድግዳው ውስጥ ያለው ስስ የአሉሚኒየም ቱቦ ይበሳል። ነቅላችሁ በሩን ከፍታችሁ ተውት፤ ራሱ ይቀልጣል።

3. የበሩን ጎማ በወረቀት ፈትኑ። ወረቀት አስገብታችሁ በሩን ዝጉና ሳቡት፤ በቀላሉ ከወጣ ጎማው ደክሟል።

4. መብራት ሄዶ ሲመጣ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ሰኩት። በቱቦው ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረጋ የሚነሳ ሞተር ይጨነቃል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታቢላይዘር መግዛት ኮምፕሬሰር ከመቀየር ይረክሳል።

5. ፍሪጅ ተጋድሞ ተጭኖ ከመጣ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙና ሰዓታት ቆይታችሁ ሰኩት፤ ዘይቱ ወደ ቦታው እንዲመለስ።

6. የፍሪጁ ክፍል 4 ዲግሪ፣ ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ቢሆን መልካም ነው። በብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎች ላይ ያለው ቁጥር ዲግሪ አይደለም፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቅዝቃዜው ይጨምራል።

7. ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ክፍል ነው። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቀልጦ ቢመለስም አይወሰድም፤ ስለዚህ ከፍሪዘሩ አጠገብ አታስቀምጡት። ከክትባቶችም አንዳንዶቹ በሙቀት ብቻ ሳይሆን በበረዶም ይበላሻሉ።

8. በዒድ አል-አድሐ የኡዱሒያውን ሥጋ ትኩስ እንደሆነ በአንድ ጊዜ ፍሪዘር ውስጥ አትጠቅጥቁት። በትንንሽ ከረጢት ከፋፍላችሁ፣ መካከሉ አየር እንዲያገኝ አድርጋችሁ አስገቡት። የተጠቀጠቀ ሥጋ ውጭው በረዶ ሆኖ ውስጡ ሞቃት ሆኖ ይቆያል፤ የሚበላሸውም ከዚያ ይጀምራል። ለጎረቤትና ለችግረኛ የተሰጠው ድርሻ ደግሞ ፍሪዘር አያሻውም።

በመጨረሻም

ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ማትሪክ ባይሳካለት ዓለም የጠፋበት አታስመስሉበት፤ የተሳካለትም ቢሆን «ዘይት በነካው እጅ አትሥራ» አትበሉት። ከዘይትና ከመዳብ ጋር የሚውል እጅ ቤተሰቡን በሐላል ካሳደረ የሚያሳፍረው ነገር ምን አለ?

ውድ ወጣቶች፣ ይህን ሙያ ስትመርጡ ገንዘቡን ብቻ አትመልከቱ። በምትጠግኑት ሣጥን ውስጥ የአንዲት እናት መድኃኒት፣ የአንድ ነጋዴ መላ ካፒታል ወይም የአንድ ሰፈር ሕፃናት ክትባት ሊኖር ይችላል። የምትሠሩትን ማንም ባያይ እንኳ አላህ (ሱ.ወ) ያያል። ሥራችሁን አሳምሩ፤ ያላወቃችሁትን «አላውቅም» በሉ፤ የሚያውቀውንም ጠይቁ። ደንበኛ ለታማኝ እጅ ራሱ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ስማችሁን ይዞ ይሄዳል።

አላህ የእጃችንን ሥራ የተባረከ፣ ሪዝቃችንንም ሐላልና ሰፊ ያድርግልን። አሚን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።